ድንጋይ ማለት ድንጋይ ነው

ሥራዬ ለሌላ ሰው እናት ውሃ ማቅረብ ነው። እንዲህ ብዬ ስጀምር ምሬት ያለብኝ ይመስላል፤ አለብኝ። በወረዳው ጽሕፈት ቤት የመንግሥትን የልማት ድጎማ የምከታተል ባለሙያ ነኝ። አንድ ቀበሌ ምንጭ ይጎልብትልኝ፣ የእግር ድልድይ ይሠራልኝ፣ የከብት ክሊኒክ ይቁምልኝ ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄውን እቀበላለሁ፣ ቦታውን ሄጄ አያለሁ፣ ገንዘቡ ሲለቀቅም ለተባለው ሥራ መዋሉን እቆጣጠራለሁ። እስቴም ስማዳም ሠርቻለሁ፤ አሁን አርብ ገበያ ነኝ። በሄድኩበት ሁሉ ሥራው አልቆ ቧንቧው ሲከፈት አሮጊቶቹ ትከሻዬን እየሳሙ «የወለደችሽ ትባረክ» ይሉኛል። የወለደችኝ በዚያው ሰዓት ገደል ወርዳ፣ ከላሞች ጋር እየተጋፋች፣ ድፍርሱ እስኪጠልልላት ቁጭ ብላ የምትጠብቅ ሴት ናት።

እና እቀናለሁ። ያቺ ትከሻዬን የሳመችኝ አሮጊት ጀሪካኗን ሞልታ በሁለት እርምጃ ቤቷ ስትገባ ሳይ፣ ደስ ብሎኝ መሳቅ ሲገባኝ ዓይኔ ይቀላል። የንስሐ አባቴ ቅናት ሁለት ዓይነት ነው ይላሉ፣ መንፈሳዊና ሥጋዊ። የእኔ የመንፈሳዊውን ነጠላ ተከናንቦ የሚሄድ ሥጋዊ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ለልማት የሚቆረቆር ይመስላል።

ይህ ሁሉ ግን ለአብሮ አደጌ ከቀናሁት ቅናት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

አብሮ አደጌ የምላት ከእናቴ ሰፈር ማዶ ያለች ሴት ናት። በመሃላችን በክረምት የምትቆጣ፣ በበጋ ምላሷን አውጥታ የምትሞት ትንሽ ወንዝ አለች። እስከ ስምንተኛ ክፍል አብረን ተማርን። እኔ አልፌ ወደ ከተማ ሄድኩ፣ እሷ አግብታ ቀረች። ያን ጊዜ ያዘንኩላት መስሎኝ ነበር። ዛሬ አምስት ልጅ፣ ሁለት ጥማድ በሬ፣ ከጣራ በላይ የሚሰማ ሳቅ፣ የሚሰማትም ሰፈር አላት። እሷ «ኑ» ስትል ሰው ይመጣል። እኔ «ኑ» ስል «አበል አለው?» ይሉኛል። ሲያዩዋት ትሑት ትመስላለች ብዬ እንዳልዋሽ፣ አትመስልም። ጉረኛ ናት። የሠራችውን ሁሉ ታወራለች፤ የሚያናድደው የምታወራውን ሁሉ ሠርታው መገኘቷ ነው። እኔን «ቢሮዬ» ነው የምትለኝ። «ቢሮዬ መጣች! ቢሮዬ ከሳች! ቢሮዬ፣ ወንበሩ ተመቸሽ?»

ባለፈው ዓመት ድጎማው ለእኛ ቀበሌ ደረሰ። ለአንድ ምንጭ ብቻ የሚበቃ ነው። ሁለቱም ሰፈሮች፣ የእናቴም የእሷም፣ ከገደል ሥር የምታለቅስ አንዳንድ ምንጭ አላቸው። ገደሉ ግን አንድ አይደለም፤ በእኛ በኩል ያለው ቁልቁለት ይብሳል፣ እናቴም ጉልበቷን ታማለች። ይህን አስቀድሜ ስለማውቅ ለኃላፊዬ «ከዚህ ቀበሌ አውጡኝ፣ እናቴ አለችበት» አልኩት። ሳቀብኝ። «እዚህ ወረዳ እናት የሌለችበት ቀበሌ ካገኘሽ እኔም ልዛወር» አለ። ስለዚህ ሄድኩ።

ሁለቱ ሰፈሮች የሚሳለሙት አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። በኅዳር፣ እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ከቅጽሩ በር ላይ ከጽድ ዛፉ ሥር ቆሜ ለሁሉም ባንድ ላይ ተናገርኩ። ቃሌን አስታውሰዋለሁ፣ ምክንያቱም መንገዱን ሁሉ ሳጠናው ነው የመጣሁት። «መንግሥት ሲሚንቶና ግንበኛ ያመጣል። ድንጋይና አሸዋ የእናንተ ነው። ጥር ላይ ተመልሼ ስመጣ ድንጋይ ቆልሎ ያገኘሁት ሰፈር ምንጩ ይሠራለታል። ያልቆለለ አያገኝም። እናቴም ብትሆን አታገኝም።» ከዚህ የበለጠ ግልጽ አማርኛ አላውቅም።

ችግሩ እኛ አገር ግልጽ አማርኛ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ከቤተ ልሔም ድጓ አስመስክረው የተመለሱ፣ ቅኔውንም ሌላ አገር ሄደው የተቀኙ የኔታ በእናቴ ሰፈር አሉ። እሳቸው ባሉበት ሰፈር አንድ ሰው «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ካለፈ፣ ምን ለማለት ፈልጎ ነው ተብሎ እስከ ምሳ ይመረመራል። የዚያ እሁድ የሆነውን የነገረኝ አጎቴ ነው፣ ያውም በኩራት። እኔ ከሄድኩ በኋላ የሰፈሩ ሰው የኔታን ከቦ ቁጭ አለ።

«ድንጋይ አለች» አሉ የኔታ። «ሰሙ ድንጋይ ነው። ወርቁስ? ሙሴ በምድረ በዳ ውሃ ያፈለቀው ከምንድን ነው?»

«ከዐለት!» አለ ሰው።

«ዐለቷ እሷ ናት። ሹም ናት፣ በሰው ፊት ልቧን ድንጋይ ማድረግ አለባት፤ ምን ታርግ! ግና ‹እናቴም ብትሆን› ስትል በትሩን ጠቆመችን። ዐለት በምን ይመታል? በበትር። በትሩ እናቷ ናት!»

«ይበል! ይበል!» ተባለ።

እውነቱን ልናገር፣ ቅኔው ጥሩ ነው። ስለ እኔ ባይሆን ኖሮ እኔም ይበል እል ነበር። ሰዎቹ ሰነፎች አይደሉም፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ድንጋይ ሲሸከሙ ያደጉ ናቸው። ግን አንዴ ወርቁን ካገኙት በኋላ ሰሙን ማን ይሸከማል? እንዲያውም ድንጋይ መቆለል ነውር ሆነ። «ልጃችን እዚያ ተቀምጣ እኛ ድንጋይ ብንሸከም፣ አላመናትም ማለት አይደል? ማዶዎቹስ ምን ይሉናል?» ተባባሉ። እናቴ እንድትላክ ተወስኖ ስብሰባው ተበተነ።

ማዶዎቹ ምንም አላሉም፤ ድንጋይ እያመጡ ነበር። አብሮ አደጌ ቅኔ አትወድም፣ ዕድሜ ልኳን ቤተ ክርስቲያን ስትቆም የኔታ ሲቀኙ እሷ የምታስበው ስለ በሬዎቿ ነው። ድንጋይ ሲሏት ድንጋይ ሰማች። በማግስቱ ባሏን አስቀድማ ላከች፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቿን ባሎች። እርሻ የዋለ ሰው ባዶ እጁን እንዳይገባ፣ ጠላ ሊጠጣ የሄደም ድንጋይ ይዞ እንዲሄድ ሕግ አወጣች አሉ። እርቅ የተቀመጡ ሽማግሌዎች እንኳ ሲነሡ አንዳንድ ድንጋይ አንሥተው ሄዱ ብለው አውርተውልኛል። ግማሹ ወሬ ነው። ወሬውም ሳይቀር ቀንቶላታል፣ ስለ እኔ እንዲህ የሚያስቅ ነገር አውርቶ የሚያውቅ የለም።

እናቴ የመጣችው በገበያ ቀን፣ ዐርብ ነው። የተከራየሁት ክፍል ደጃፍ ላይ እግሯ የታሰረ ዶሮ ይዛ ቆማ አገኘኋት። «ለገና ትሆንሻለች» አለችኝ። ገባን፣ አረፍ አለች፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ አሸች።

«ልከውኝ ነው» አለች።

«ምን ብለው?»

«በትር ነሽ አሉኝ። ሂጂና ምቻት አሉኝ።» አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። «እማዬ፣ ለማዶም ለእናንተም ያልኩት አንድ ነው። ያልቆለለ አያገኝም።»

«ድንጋይ ስትይ፣ ይኸ የምናውቀው ድንጋይ ነው?»

«የምናውቀው ድንጋይ ነው።»

«ሌላ የለበትም?»

«ምንም የለበትም።»

«የኔታ ዐለት ናት አሉ እኮ።»

«የኔታ ቅኔ አብዝተዋል።»

«እንዲያ ነው እንግዲህ» አለችና ወሬ ቀየረች። ስለ ገብሱ ነገረችኝ፣ ስለ ባቄላው ዋግ፣ ስለ አጎቴ ላም መውለድ። ከዚያ በኋላ ስለ ውሃው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ግን እንድትለምነኝ እጠብቅ ነበር። አልሰጥሽም ልላት ተዘጋጅቼ፣ እየከለከልኳት ላለቅስ አስቤ፣ እሷ ለልመናውም አልፈለገችኝም። ሸኝቻት ስመለስ ዶሮዋ አልጋዬ ሥር ታስራ ታየኛለች፣ እኔም በዶሮዋ ተናደድኩ።

ጥር ላይ ከጽሕፈት ቤቱ ሾፌር ጋር ሄድን። መጀመሪያ ማዶ። ቁልሉን ገና ከመንገዱ ጠመዝማዛ ላይ ሆኜ አየሁት፣ ቤተ ክርስቲያን መሄጃው ዳር ላይ፣ እንደ ክምር ነዶ ከፍ ብሎ። አብሮ አደጌ ወገቧን ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

«ቢሮዬ! ይበቃል ወይስ እንጨምር?»

ዞርኩት። ቦርቧራ ድንጋይ ፈለግሁ፣ የሚፈረፈር ፈለግሁ፣ ከሥሩ አፈር ተሞልቶ ከላይ በድንጋይ የተሸፈነ እንደሆነ ብዬ በእግሬ ገፋ ገፋ አደረግሁት። ባለሙያ ስለሆንኩ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እንከን እንዳገኝ ለመንኩ፣ አላገኘሁም። ጥሩ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ አሸዋውም ከወንዝ ወጥቶ በወንፊት ተነፍቷል። «ጥሩ ነው» ማለት ሲገባኝ ውሃ ይሰጠኝ አልኩ። ውሃ የለም፣ ለዚያ አይደል የመጣነው፤ ጠላ ሰጡኝ።

ከዚያ ወደ እናቴ ሰፈር ተሻገርን። ድንጋይ የለም። በግ ታርዷል። መቀመጫው ላይ አጎዛ ተነጥፏል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ የኔታ ከላይ ተቀምጠዋል። አጎቴ ዓይኑን ጠቀሰኝ።

«ድንጋዩ የታል?» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ ሳቀ። «ድንጋዩማ አንች ነሽ!» አለ አጎቴ።

ተቆጣሁ። በኅዳር ያልኩትን ደገምኩት፣ ያውም ጮኼ። እርስ በርሳቸው ተያዩና በዓይናቸው ወደ ሾፌሩ አመለከቱኝ፤ ባዕድ ሰው ስላለ ነው እንዲህ የምትለው ማለታቸው ነው። ሾፌሩን መኪናው ጋ ጠብቀኝ ብዬ ላክሁትና ብቻችንን ስንሆን ለሦስተኛ ጊዜ ነገርኳቸው። ድንጋይ ከሌለ ምንጭ የለም፣ አለቀ። የኔታ ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ። «ገብቶናል ልጄ» አሉኝ። «አንችም ይግባሽ፤ ገብቶናል።» ሥጋውን ሳልበላ ተነሣሁ።

ከመሄዴ በፊት እናቴ ቤት ገባሁ። ከደጃፉ በስተቀኝ ሁልጊዜ ያለ ዝርግ ድንጋይ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የምቀመጥበት ነው፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ። ሲዘንብ ውሃ ያቁርና ዶሮዎቹ ይጠጡበታል፤ ልጅ ሆኜ ውሃውን በመዳፌ አውጥቼ፣ በቀሚሴ አድርቄ፣ ከዶሮዎቹ ቀምቼ ነበር የምቀመጠው። የለም። ቦታው ላይ የነጣ አፈር ብቻ አለ።

«ድንጋዬ የት ሄደ?»

«ሥራ ተገኘለት» አለች እናቴ።

«ምን ሥራ?»

«አንች ከሄድሽ ማን ይቀመጥበታል? ለሰው ሰጠሁት።»

ለማን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሆዴ ባሰኝ። አንድ ልጇ ነኝ፤ የተቀመጥኩበትን ድንጋይ እንኳ ሳትነግረኝ ለሰው ሰጠች። መኪናው ጡሩምባውን ሲነፋ ጉንጯን ስሜ ወጣሁ።

ምንጩ ለማን እንደደረሰ መናገር አያስፈልገኝም። በቢሮው ስብሰባ ላይ ያየሁትን አቀረብኩ፣ ማዶዎቹ ተመረጡ፣ ኃላፊዬ «ለእናትሽ ሰፈር ባለማዳላትሽ እናመሰግናለን» አለ። አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባውን ወደ ቤቴ ይዤው ሄድኩ፣ የሚቀመጥበት ቦታ አጣሁለት።

የሰፈሬ ሰው ወሬውን ሲሰማ መጀመሪያ አላመነም፣ ከዚያ ተቀየመ። በዐቢይ ጾም ለለቅሶ ስሄድ ሴቶቹ በትንሹ ፈቀቅ ብለው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ፤ እንግዳን እንደዚያ ነው የሚያስቀምጡት። አጎቴ ከጀርባዬ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለ፣ እኔ እንድሰማው አድርጎ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚሉትን ተረት ያን ቀን በደንብ ተረዳሁት። ከሩቅ የመጣ፣ ቋንቋውን በአስተርጓሚ የሚናገር ባለሙያ ቢሆን ኖሮ ድንጋይ ሲላቸው ድንጋይ ይሰሙት ነበር።

ማዶ ግንባታው ተጀመረ። በየሄድኩበት ክትትል አብሮ አደጌ የሲሚንቶ አቧራ ለብሳ፣ ግንበኛውን እያስጨነቀች፣ እየሳቀች አገኛታለሁ። የምትመራውን የውሃ ኮሚቴ ሰብስቤ ስለ መተዳደሪያ ደንብ አስተማርኳቸው፤ ሥራዬ ነው። በየቀበሌው የምለው አንድ አንቀጽ አለ፦ ድንጋይ ያመጣ ይቀዳል፣ ያላመጣ እስኪያመጣ ይጠብቃል። ሌላ ቦታ ስናገረው ማለፊያ አንቀጽ ነው፣ ሰውን ያሠራል። እዚህ ስናገረው ምላሴን ነከስኩት። አብሮ አደጌ ሰማችኝና «ይኸማ ወርቅ ነው!» ብላ እንዳለ ወሰደችው። ወርቅ የምትለውን ቃል ከእሷ አፍ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማለት የነበረብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እናቴን ግን አስቀዷት።» ወንዙ በበጋ ደርቋል፣ በድንጋዮቹ ላይ መሻገር ቀላል ነው፣ ለእናቴ ከገደሉ ማዶው ይቀርባታል። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ግን አብሮ አደጌን መለመን? ያንን ሳቅ ስቃ «እሺ ቢሮዬ፣ ለአንች ብዬ» ልትለኝ? ገደሉ ይሻለኛል አልኩ። ገደሉን የምትወርደው ግን እኔ አይደለሁም። ይህን እያወቅሁ አፌን ዘጋሁ፣ ማታ ማታም አፌን በመዝጋቴ እሷኑ ረገምኩ።

ርክክቡ በግንቦት ሆነ። ካህናቱ ጸበል ረጩ፣ የኔታም መጥተው ነበር፣ ደብሩ አንድ ስለሆነ። የእናቴ ሰፈር ሰዎች ከወንዙ ወዲያ ዛፍ ሥር ተደርድረው ቆመዋል፤ አልመጡም፣ አልሄዱምም። ቧንቧው ሲከፈት እልልታው ሰማይ ደረሰ። ውሃው ጠራ ብሎ ወረደ። አንዲት አሮጊት ትከሻዬን ስማ «የወለደችሽ ትባረክ» አለችኝ፤ በዚያው ቅጽበት የወለደችኝ ቢጫ ጀሪካን ይዛ፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የወንዙን ድንጋዮች እየመረጠች ስትሻገር አየኋት።

ደንቡን አታውቀው ይሆናል ብዬ ፈራሁ። በሁሉ ፊት፣ በሰፈሯም በማዶውም፣ በልጇ አንቀጽ ልትመለስ ነው።

አብሮ አደጌ ድንጋይ ላይ ወጥታ ደንቡን አነበበች። አነባበቧ ያው ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ሆነን እንደምታነበው፣ እየጮኸች። ድንጋይ ያመጣ ይቀዳል፣ ያላመጣ እስኪያመጣ ይጠብቃል። ጨርሳ ወረደችና ሰዉን በክንዷ ገፋ ገፋ አድርጋ፣ ሄዳ የእናቴን እጅ ያዘች። «መጀመሪያ የሚቀዱ እሳቸው ናቸው!» አለች።

ልትመጸውተኝ ነው አልኩ። በሰው ሁሉ ፊት፣ በካህናቱ ፊት፣ ለቢሮዋ እናት ምሕረት አድርጋ፣ ቸርነቷን ዕድሜ ልኳን ልታወራው ነው። የምናገረውን ሳላስብ ተናገርኩት።

«ደንብ ደንብ ነው! ለእኔ እናት ብለሽ እንዳትጥሽው!»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እናቴ ጀሪካኗን እንደያዘች ቆመች። አብሮ አደጌ አፏን ከፍታ አየችኝ፣ ያንን ሳቅ ልትስቅ ነው ስል አልሳቀችም።

«አንች፣ ምን ሁነሻል?» አለችኝ። «ደንቡ ነው እኮ!»

«እንዴት?»

«እናትሽ አልነገሩሽም እንዴ? ከገና ማግስት ጀምሮ እሁድ እሁድ ለቅዳሴ ሲመጡ ባዶ ጀርባቸውን መጥተው አያውቁም። አንድ አንድ ድንጋይ፣ ባንቀልባ አዝለው። ተዉ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል ብላቸው አይሰሙ። የሰፈራችሁ ሰውማ ስለት አለባቸው ብሎ መንገድ ይለቅላቸዋል!»

እናቴን አየኋት። አላፈረችም፣ አልኮራችም። «ምን ላርግ» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለየኔታ ይመስል ወደሳቸው እያየች። «ልጄ ድንጋይ ነው አለች። ሌላ የለበትም አለች። ድንጋይ አመጣሁ።»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው መሬት መሬት አዩ። ምንም አልፈቱም።

እናቴ ቀዳች። ሰዉ እልል አለላት፣ ከወንዙ ወዲያ ያሉትም ሳያስቡት እልል አሉ። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ብሎኛልም። ግን የተሰማኝን ልናገር ብዬ ከጀመርኩ ልጨርሰው፤ ቀናሁ። አብሮ አደጌ ያንን ሁሉ እሁድ አይታታለች። ሸክሟን ከጀርባዋ አውርዳላታለች፣ ጉልበቷን እንዴት ዋለ ብላታለች፣ የእኔን ቃል እንዴት አድርጋ እንደተሸከመችው ያየች እሷ ናት። እኔ ቢሮ ነበርኩ። በድንጋዮቹም ቀናሁ፤ በዚያ አንቀልባ ከእኔ ሌላ የታዘለ አልነበረም።

«አንዱ ግን ከብዷቸው እኔ ነኝ በአህያ ያስመጣሁት» አለችኝ አብሮ አደጌ፣ ወደ ቧንቧው እየጎተተችኝ። «ግንበኛው ለጀሪካን ማሳረፊያ ይሆናል ብሎ እዚህ አጋደመው። ያምራል አይደል? መሃሉ እንኳ ጎድጎድ ያለ ነው፣ ውሃ ይይዛል።»

ከቧንቧው በስተቀኝ ነው፤ ቤታችን ደጃፍም በስተቀኝ ነበር። ጎድጓዳው ቀድሞውኑ በሚፈናጠቀው ውሃ ሞልቷል።

ሰዉ ወደ ድግሱ ሲሄድ እኔ ወደኋላ ቀረሁ። እናቴን የወንዙ ድንጋዮች እንዳያዳልጧት አብሮ አደጌ ጀሪካኑን ተሸክማ እያሻገረቻት ነበር። ከወዲያኛው ዳር አጎቴ የማሳውን ካብ አፍርሶ ድንጋይ ሲያነሣ፣ ሌሎቹም ተከትለውት ጎንበስ ሲሉ ይታየኛል። እናቴ ዳሩ ላይ ቆማ አብሮ አደጌን ሁለት ጉንጯን ሳመቻት፣ እጇን አናቷ ላይ ጭና መረቀቻት። ከዚህ አይሰማም። ግን ምርቃቱን አውቀዋለሁ፣ ለፈተና ስሄድ፣ ለሥራ ስሄድ ለእኔ የሚባል ነበር፤ ይቅናሽ፣ ልጄ፣ ይቅናሽ።

ጎንበስ ብዬ ውሃውን በመዳፌ አወጣሁና በቀሚሴ አድርቄ ድንጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ቀዝቃዛ ነው። ጠበበኝ፣ ወይ እኔ ሰፋሁ።

ብዙም አልቆየሁ፤ አንዲት የማላውቃት የማዶ ሴት የሞላ ጀሪካን በሁለት እጇ አንጠልጥላ አጠገቤ ቆመች።

«እቴ፣ ተነሽልኝ፣ ላሳርፍበት።»

ተነሣሁ። ጀሪካኗን አሳረፈችበት፣ እስትንፋሷን ሰብስባ «ይቅናሽ» አለችኝ።

«ቀንቻለሁ» አልኳት።

ሴትዮዋ ቅኔ መስሏት ሳቀች።